የተማሪዎች አውቶቡስና ጠባቂው ካሜራ

ከቆቦ ከተማ ወደ ደቡብ፣ በሮቢት በኩል ወደ ጎብየ የሚወስደውን የአስፋልት መንገድ ጧት በ1 ሰዓት የተመለከተ ሰው፣ ደብተሩን በብብቱ ይዞ በመንገዱ ዳር የሚጓዘውን የተማሪ ብዛት ሳያስተውል አያልፍም። አብዛኛው የሚሄደው በእግሩ ነው፤ ጥቂቱ በባጃጅ ተጨናንቆ ይሳፈራል። መንገዱም ከአዲስ አበባ ተነሥቶ በደሴና በወልድያ አልፎ ወደ መቀሌ የሚዘልቀው አውራ ጎዳና ነውና የጭነት መኪናው አያቋርጥም።

እንግዲህ በራያ ቆላ ለተማሪዎች አውቶቡስ የመግዛት ወይም የመከራየት አሳብ ቢነሣ የሚያስገርም አይሆንም። በአዲስ አበባ ሰርቪስ የሚባለው የተማሪ ማመላለሻ ከተለመደ ብዙ ዓመት ሆኖታል። አሁን ደግሞ ከአውቶቡሱ ጋር የቪዲዮ ካሜራ አብሮ የሚጠየቅበት ዘመን ደርሷል። የጨረታውን ዝርዝር እንዲጽፍ የሚታዘዘው ብዙውን ጊዜ ከዩኒቨርሲቲ ከወጣ ሁለትና ሦስት ዓመት ያልሞላው ወጣት ሠራተኛ ነው። እርሱም ጊዜ ሲያጥረው ዝርዝሩን ከሌላ መሥሪያ ቤት ወረቀት ይገለብጣል። ችግሩ የሚጀምረው ከዚህ ላይ ነው።

ነጋዴው መጥቶ፣ «ጌታዬ፣ ይህ ካሜራ የሰውን ፊት ለይቶ ያውቃል፤ እርስዎ ከቢሮዎ ሳይነሡ አውቶቡሱን በስልክዎ ያዩታል» ይላል። ውሸት አልተናገረም። ዳሩ ግን ገዥው አስቀድሞ ሊጠይቅ የሚገባው ልጁን የሚያሰጋው ምን እንደሆነ ነው።

በአሜሪካ የተማሪ አውቶቡስ ታሪክ ከመኪናው ውስጥ ካለው ልጅ ይልቅ ወርዶ መንገድ የሚሻገረው ልጅ ይበልጥ እንደሚሞት ታይቷል። በ1939 (እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር) በኒው ዮርክ የተደረገ ጉባኤ አውቶቡሶቹ ቢጫ እንዲቀቡ የወሰነው፣ በማለዳ ድንግዝግዝ ከሩቅ እንዲታዩ ብሎ ነበር። ቢሆንም በ2023 የአገሪቱ የተማሪ ማመላለሻ ኃላፊዎች ማኅበር፣ ልጆች ለማውረድ የቆመን አውቶቡስ ሕግ ጥሰው የሚያልፉ መኪናዎች በአንድ የትምህርት ዓመት ከ40 ሚሊዮን ጊዜ በላይ እንደሚሆኑ ገምቷል። በዚህ ምክንያት ብዙ ከተሞች በአውቶቡሱ ጎን ወደ ውጭ የሚያይ ካሜራ ተክለዋል። ለቆቦም መንገድ አንድ ካሜራ ብቻ ይገዛ ቢባል እኔ የምመርጠው ይህንኑ ወደ በሩና ወደ መሻገሪያው የሚያየውን ነው፤ ሥዕሉም ሾፌሩ ፊት ባለች ትንሽ መስኮት ላይ መታየት አለበት።

ሁለተኛው አደጋ ጸጥተኛ ነው። በሐምሌ ወር 2010 ዓ.ም. በደቡብ ኮርያ አንዲት የአራት ዓመት ሕፃን በአውቶቡስ ውስጥ ተረስታ በሙቀት ሞተች። አገሪቱም በሚቀጥለው ዓመት ያወጣችው ሕግ ካሜራን የሚመለከት አልነበረም። ሾፌሩ ሞተሩን ሲያጠፋ ደወል ይጮኻል፤ ደወሉን ዝም የሚያሰኘው ቁልፍ ደግሞ ከመጨረሻው ወንበር አጠገብ ነው። ሾፌሩ እስከ ኋላ ድረስ ሳይሄድና በየወንበሩ መካከል ሳያይ ሊያጠፋው አይችልም። ቆቦ ከባሕር ወለል በላይ 1,500 ሜትር ያህል ላይ ያለች ቆላ ናት። በግንቦትና በሰኔ የቀኑ ሙቀት ከ30 ዲግሪ ሲያልፍ፣ በሩ ተዘግቶ ፀሐይ ላይ የቆመ መኪና ውስጡ በአንድ ሰዓት ከ20 ዲግሪ በላይ ሊጨምር ይችላል። ይህን ቁልፍ ማንኛውም የመኪና ኤሌክትሪክ ሠሪ ሊተክለው ይችላል፤ ዋጋውም ከአንድ ካሜራ የሚበልጥ አይመስለኝም። ገንዘቡ የማይበቃ ከሆነ መጀመሪያ ልጆቹን ቆጥሮ የሚያወጣና የሚያወርድ ረዳት ይቀጠር፣ ቀጥሎ ቁልፉ ይተከል፣ ካሜራው ከዚያ በኋላ ይታሰብ።

ለካሜራው የሚበቃ ገንዘብ ከተገኘ ግን ዕቃው ለቦታው የሚስማማ መሆን አለበት። ያው ሙቀት መቅጃውንም ይገድለዋል። ከ70 ዲግሪ በታች ሥራ የሚያቆም መቅጃ ለራያ አይሆንም፤ የሚቀመጠውም ነፋስ በሚያገኘው በወንበር ሥር እንጂ በፀሐይ በሚግለው ጣሪያ ሥር አይደለም። በውጭ የሚተከለው ካሜራ አቧራና ውኃ የማያስገባ፣ ማለት አይ.ፒ. 67 የሚባለውን መለኪያ ያለፈ ይሁን። በበጋ የሜዳው አቧራ፣ በክረምት ደግሞ እንደ ጎሊና ያሉ ከምዕራቡ ተራራ የሚወርዱ ወንዞች ጭቃ መስታወቱን ይሸፍነዋልና ረዳቱ በየጧቱ በጨርቅ ይጥረገው። ይህ በጨረታ ውስጥ የሚጻፍ አይደለም፤ ሳይጠረግ የቀረ ካሜራ ግን የሚያነሣው ጭቃውን ብቻ ነው።

የኤሌክትሪኩ ነገርም አለ። ሚኒባስ የሚሠራው በ12 ቮልት ነው፤ ቅጥቅጥ የምንለው የአይሱዙ አውቶቡስ ግን ባለ24 ነው። መቅጃው ከ9 እስከ 36 ቮልት የሚቀበል ከሆነ ከአንዱ ወደ ሌላው ተነቅሎ ሊተከል ይችላል። ባትሪው ሊያልቅ ሲል ራሱን የሚያጠፋ መሆኑም ይታይ፤ አለበለዚያ ጧት መኪናው አይነሣም። የሚሽከረከር ዲስክ ያለበት መቅጃ ከአስፋልቱ ወጥቶ ወደ ገጠር ቀበሌ በሚወስድ መንገድ ላይ ብዙ አይቆይም፤ የማይንቀሳቀስ ማከማቻ ያለው ይሻላል።

የማከማቻውን መጠን ነጋዴው በግምት ሲነግርህ አትቀበለው፤ አስላው። አንድ ጥሩ ካሜራ በሴኮንድ 2 ሜጋቢት ቢቀዳ በሰዓት 0.9 ጊጋባይት ይሆናል። አራት ካሜራ በቀን አራት ሰዓት ቢሠራ 14.4 ጊጋባይት፣ በ20 የትምህርት ቀን 288 ጊጋባይት ማለት ነው። ስለዚህ 512 ጊጋባይት የሚይዝ ማከማቻ የሠላሳ አምስት የትምህርት ቀን ሥዕል ይይዛል። ከዚያ በላይ መግዛት ትርፍ ነው።

ይኸው ስሌት በስልክ መስመር በቀጥታ ማየት የሚባለው ነገር ምን ያህል እንደሚያስከፍል ያሳያል። አራቱንም ካሜራ በቀጥታ የሚከታተል ሹም በየሰዓቱ 3.6 ጊጋባይት ይከፍላል። ከዋጋው ይልቅ የሚያሳስበው ግን መስመሩ ራሱ ነው። ጦርነቱ በሐምሌ 2013 ዓ.ም. ቆቦ ሲደርስ መብራትም ስልክም ተቋርጧል። በሐምሌ 2015 ዓ.ም. መጨረሻ ደግሞ በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ተዘግቶ ለወራት ቆይቷል። ያለ ኢንተርኔት የማይቀዳ ወይም ሥዕሉን በውጭ አገር ኩባንያ ዘንድ ብቻ የሚያስቀምጥ መሣሪያ በእነዚያ ወራት ዕውር ይሆን ነበር። መቅጃው በራሱ ውስጥ ይቅዳ፤ መስመር ሲገኝ አውቶቡሱ የት እንዳለ ብቻ ቢልክ በቂ ነው።

ከዚህ ሁሉ በኋላ፣ ሥዕሉን ማን ያያል? በ2016 ዓ.ም. የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321 ወጥቷል፤ አፈጻጸሙንም የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ይቆጣጠራል። የሕፃን ፊት የተቀዳበት ሥዕል በሾፌሩ ስልክ ወይም በመሥሪያ ቤቱ የመልእክት ገጽ ላይ ሲዘዋወር መገኘት የለበትም። የመቅጃው ሣጥን ሁለት ቁልፍ ይኑረው፤ አንዱ በርእሰ መምህሩ፣ ሁለተኛው በወላጆች ኮሚቴ እጅ ይቀመጥ፤ ሲከፈትም በመዝገብ ይፈረም። ወላጆች ካሜራው ከመተከሉ በፊት ይነገራቸው። ድምፅ መቅዳቱን እኔ አልደግፈውም። ልጆች በመኪና ውስጥ ስለ ቤታቸው የሚያወሩት ብዙ ነው፤ ያን ሁሉ መስማት ለማንም አይጠቅምም።

ፊት ለይቶ ያውቃል የተባለውንም ቢሆን ለማን ይጠቅማል? ረዳቱ ከአንድ ሳምንት በኋላ የሁሉንም ልጆች ስም ያውቃል፤ «የአጎቴ ልጅ ዛሬ አሞታል» ብላ የምትነግረውም ልጅ አትጠፋም።

ውሉ ሲፈረም ክፍያው በአንድ ጊዜ አይለቀቅ። አንድ መቅጃ ከካሜራዎቹ ጋር በግንቦት ወር በአንድ አውቶቡስ ላይ ይተከልና በቆቦና በጎብየ መካከል ሁለት ሳምንት ይመላለስ። በመጨረሻው ቀን ሣጥኑ ተከፍቶ የመጀመሪያው ቀን ሥዕል ይፈለግ። ሲወርዱ የነበሩት ልጆች በግልጽ ተለይተው ከታዩ ቀሪው ሒሳብ ይከፈላል፤ ካልታዩ ነጋዴው ዕቃውን ነቅሎ ይውሰድ።