የከበሮን ድምፅ ለትምህርት መቅዳት፦ ማይክሮፎንና የንዝረት ተቀባይ ሲነጻጸሩ

መግቢያ

ከበሮ በቤተ ክርስቲያን ማሕሌት፣ በሠርግና በልዩ ልዩ በዓላት ሲመታ የኖረ መሣሪያ ነው። ይሁን እንጂ የሙዚቃ መምህር መሣሪያውንና መቺውን ሁልጊዜ ወደ ክፍል ሊያመጣ ስለማይችል፣ ብዙ ተማሪዎች ከበሮን የሚያጠኑት በተቀዳ ድምፅ አማካይነት ነው። እንዲህ በሆነ ጊዜ ከቅጂው የጎደለው ሁሉ ከተማሪው እውቀት ይጎድላል። ከዚህም በላይ አንድ አዛውንት መቺ ባለፉ ጊዜ ስለ አመታታቸው የሚመሰክረው ቅጂው ብቻ ሊሆን ይችላል። ስለሆነም የመቅጃ መሣሪያ ምርጫ ለቴክኒሻኖች ብቻ የሚተው ሳይሆን የሥርዓተ ትምህርት ጉዳይም ነው።

ከበሮን ለመቅዳት ለረጅም ጊዜ ሲያገለግል የቆየው ማይክሮፎን ነው። ዛሬ ግን በመሣሪያው አካል ላይ የሚለጠፈው፣ በተለምዶ ፒክአፕ የሚባለው የንዝረት ተቀባይ በየጊዜው እየተሻሻለ በአማራጭነት ቀርቧል። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ የሁለቱን አሠራር መግለጽና ለየትኛው ተግባር የትኛው እንደሚስማማ ማመልከት ነው።

1. የከበሮ ድምፅ እንዴት ይፈጠራል?

የክራር ጅማት ሲመታ ከዋናው ድምፅ ጋር የሚሰሙት ተከታይ ድምፆች የዋናው 2፣ 3፣ 4 እጥፍ ገደማ ናቸው። የክብ ቆዳ ጠባይ ግን ከዚህ ይለያል። ውፍረቱና ውጥረቱ በሁሉም ስፍራ እኩል ነው ተብሎ የሚታሰብ ክብ ቆዳ፣ የዝቅተኛው ንዝረት ድግግሞሽ 1 ቢባል፣ ቀጣዮቹ 1.59፣ 2.14 እና 2.30 ይሆናሉ። በእውነተኛው ከበሮ ላይ የቆዳው አለመስተካከልና በውስጡ የታፈነው አየር እነዚህን ቁጥሮች ይለዋውጧቸዋል።

እያንዳንዱ የንዝረት ዓይነት በቆዳው ላይ የማይነቃነቁ መሥመሮች አሉት። በ1.59 እና በ2.14 ንዝረቶች ጊዜ የቆዳው መሐል ጸጥ ይላል። በ2.30 ጊዜ ደግሞ መሐሉ በኃይል ሲነቃነቅ፣ ከመሐል እስከ ጠርዝ ካለው ርቀት 44 በመቶ ያህል ላይ የሚገኘው ክብ መሥመር ጸጥ ይላል። ይህ ነጥብ ለንጽጽሩ መሠረት ስለሆነ ልብ ሊባል ይገባል።

2. የማይክሮፎን አሠራር

ማይክሮፎን የሚቀበለው የአየርን ግፊት ለውጥ ነው። የሁለቱ ቆዳዎች፣ የእንጨቱ ገላና የክፍሉ ግድግዳ ድምፅ በአየር ውስጥ ተዋሕዶ ይደርሰዋል። በጠመዝማዛ ሽቦና በማግኔት የሚሠራው ዓይነት ጠንካራና ብርቱ ድምፅን የሚችል ነው። ጌርሃርድ ሴስለርና ጄምስ ዌስት እ.ኤ.አ. በ1962 በቤል ላቦራቶሪ የሠሩት የኤሌክትሬት ማይክሮፎን ደግሞ አነስተኛና ርካሽ ማይክሮፎኖች በብዛት እንዲሠሩ መንገድ ከፍቷል።

የማይክሮፎን ችግር የተፈለገውንም ያልተፈለገውንም መስማቱ ነው። ጭብጨባው፣ እልልታውና የጎረቤት ክፍል ጫጫታ አብረው ይገባሉ። በተጨማሪም ድምፁ በድምፅ ማጉያ ተመልሶ ሲወጣ ማይክሮፎኑ እንደገና ስለሚቀበለው የታወቀው የሲሲታ ጩኸት ይፈጠራል።

ከአንድ በላይ ማይክሮፎን ሲተከል ሌላ ችግር ይከተላል። ድምፅ በ20 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሙቀት በሰከንድ 343 ሜትር ያህል ይጓዛል። አንዱ ማይክሮፎን ከሌላው ይልቅ በ34 ሴንቲ ሜትር ቢርቅ፣ ድምፁ አንድ ሺሕኛ ሰከንድ ዘግይቶ ይደርሰዋል። ሁለቱ ሲደባለቁ በ500 ኸርዝ አካባቢ ያለው ድምፅ ይዳከማል ወይም ይጠፋል። እንዲሁም ሁለቱ የከበሮ ፊቶች ትይዩ በተተከሉ ሁለት ማይክሮፎኖች ሲቀዱ፣ የተመታው ቆዳ ወደ ውስጥ ሲገባ የወዲያኛው ወደ ውጭ ስለሚገፋ፣ የአንዱን ማይክሮፎን ምልክት መገልበጥ አስፈላጊ ሊሆን ይችላል።

3. የንዝረት ተቀባይ አሠራር

ወንድማማቾቹ ዣክ ኩሪና ፒየር ኩሪ እ.ኤ.አ. በ1880 አንዳንድ ክሪስታሎች ሲጨመቁ የኤሌክትሪክ ሙል እንደሚያሳዩ አስረዱ። ፒዬዞ የሚባለው ተቀባይ በዚሁ ጠባይ ይሠራል። ሄይጂ ካዋይ እ.ኤ.አ. በ1969 ፖሊቪኒሊዲን ፍሎራይድ በተባለ ፕላስቲክ ላይ ይኸው ጠባይ በብርቱ እንደሚታይ ካስታወቁ ወዲህ፣ እንደ ወረቀት ስስና ቀላል የሆኑ ተቀባዮችን መሥራት ተችሏል። የክብደቱ ማነስ ትልቅ ጥቅም አለው፤ በቆዳ ላይ የተለጠፈ ከባድ ነገር የከበሮውን ድምፅ ራሱን ይለውጣልና።

ይህ ተቀባይ በአየር ውስጥ ያለውን ጫጫታ እምብዛም አይሰማም፤ ለሲሲታም በቀላሉ አይጋለጥም። ይሁን እንጂ የሚያውቀው የተለጠፈበትን ቦታ ብቻ ነው። በቆዳው መሐል ቢለጠፍ፣ በላይኛው ክፍል እንደተገለጸው 1.59 እና 2.14 የተባሉት ንዝረቶች ያመልጡታል። የሁለተኛው ቆዳ ድምፅና የክፍሉ ገደል ማሚቶም እንደሚገባ አይደርሱትም።

ከዚህ ሌላ ብዙ ጊዜ የሚዘነጋ የግንኙነት ጉዳይ አለ። 15 ናኖፋራድ መጠን ያለው የፒዬዞ ተቀባይ 10,000 ኦም መግቢያ ካለው መሣሪያ ጋር ቢገናኝ፣ ከ1,060 ኸርዝ በታች ያለው ድምፅ እየተዳከመ ይሄዳል። የከበሮው ግርማ የሚገኘው ደግሞ በዚያው በታችኛው ክልል ነው። መግቢያው 1,000,000 ኦም ቢሆን ወሰኑ ወደ 10.6 ኸርዝ ይወርዳል፤ ጉድለቱም ለጆሮ አይታወቅም። ስለዚህ «ፒክአፕ ድምፁን ያሳሳል» የሚለው ወቀሳ ብዙ ጊዜ የተቀባዩ ሳይሆን የግንኙነቱ ጥፋት ነው።

4. መቅዳትና መተካት

አንዳንድ የንዝረት ተቀባዮች ድምፅን ለመቅዳት የተሠሩ አይደሉም። ምቱን ለይተው ለኮምፒውተር ወይም ለኤሌክትሮኒክ ሣጥን ምልክት ይሰጣሉ፤ ሣጥኑም አስቀድሞ የተከማቸ ሌላ ድምፅ ያሰማል። ሁለቱን ያጣመሩም አሉ፤ ለምሳሌ የያማሃ ኩባንያ ኢ.ኤ.ዲ. 10 የተባለው መሣሪያ በትልቁ የእግር ከበሮ ክፈፍ ላይ በሚታሰር አንድ አካል ውስጥ ማይክሮፎኖችንና የምት ተቀባይን አንድነት ይዟል።

ለመድረክ ዝግጅት ይህ ጥበብ ጠቃሚ ነው። በትምህርት ረገድ ግን መቅዳትና መተካት ተለይተው መታወቅ አለባቸው። የመቺው መዳፍ ቆዳውን አፍኖ ሲተወው፣ ከመሐል ወደ ጠርዝ ሲሸጋገር የሚለዋወጠው ቃና በተከማቸ ድምፅ ከተተካ፣ ተማሪው የሚሰማው የዚያን መቺ ከበሮ አይደለም።

5. ለክፍል የሚሆን ሙከራ

መምህሩ ከበሮውን አቁሞ፣ በላይኛው ቆዳ ላይ ጥቂት ደረቅ አሸዋ ወይም ጤፍ ይበትናል። ከቆዳው በላይ በተያዘ ድምፅ ማጉያ አንድ ወጥ ድምፅ አሰምቶ ድግግሞሹን ቀስ በቀስ ከፍ ያደርጋል። በአንዳንድ ድግግሞሾች ላይ ፍሬዎቹ እየዘለሉ ወደማይነቃነቁት መሥመሮች ይሰበሰባሉ። ተማሪዎቹ የተቀባዩ ቦታ ለምን ወሳኝ እንደሆነ በዓይናቸው ይረዳሉ።

ቀጥሎም አንድ መቺ አንድ ጊዜ ሲመታ በማይክሮፎንና በንዝረት ተቀባይ ባንድነት ይቀዳል። ሁለቱ ቅጂዎች ሲደመጡ መጠናቸው እኩል መደረግ አለበት፤ ጎላ ብሎ የሚሰማው ምንጊዜም የተሻለ መስሎ ይታያልና።

ማጠቃለያ

ከላይ ከተዘረዘረው እንደሚታየው አንዱ ሌላውን የሚሽር አይደለም። ጫጫታ በበዛበት አዳራሽ፣ ድምፅ በሚጎላበት መድረክ ወይም የምት ስልትን ብቻ ለይቶ ለማጥናት የንዝረት ተቀባይ ይመረጣል። የከበሮውን ሙሉ ድምፅ ለተማሪ ለማሰማትና ለመጪው ትውልድ ለማቆየት ግን ማይክሮፎን ቀዳሚ ነው። አቅም ከፈቀደ ሁለቱ ሳይደባለቁ በየራሳቸው መሥመር መቀዳት ይኖርባቸዋል።

አንድ ማይክሮፎን ብቻ ያለው ኮሌጅም ሥራውን ማዘግየት አይገባውም። ጸጥ ያለ ክፍል መርጦ፣ ማይክሮፎኑን የሁለቱም ፊቶች ድምፅ ተመዛዝኖ ከሚሰማበት ስፍራ ተክሎ፣ የመቺውን ስምና ፈቃድ፣ የመሣሪያውን ዓይነት፣ ቦታውንና ቀኑን መዝግቦ ቢቀዳ፣ መዝገብ ከሌለው እጅግ የጠራ ቅጂ ይልቅ ለትምህርት የሚጠቅም ሰነድ ያገኛል።