የአጋዘን አደንና የመሣሪያው ሕግ

አደን በጥንት ዘመን የጀግንነት መለኪያ ነበረ። በአገራችንም ዝሆን ወይም አንበሳ የገደለ ሰው ይፎክር፣ በዘመድ በወዳጅ ፊትም ይከበር ነበር። በዛሬው ዘመን ግን አዳኝ ሊመሰገን የሚገባው አውሬውን ሲጥል ከአውሬው ማዶ ያለውን ሰው የጠበቀ እንደ ሆነ ነው። ለዚህም በአሜሪካ የኦሃዮ ግዛት የሚሠራበት የአጋዘን አደን ሕግ ምሳሌ ይሆነናል።

በዚያ ግዛት ደኑ ስለ ተመነጠረና አደኑም ልክ ስላልነበረው፣ በኤውሮፓ አቆጣጠር በ1904 ዓ.ም. ገደማ አጋዘን ፈጽሞ ጠፍቶ ነበር። ኋላ ግን በጥበቃ እንደገና ስለ ተራባ፣ በ1943 ዓ.ም. በሦስት አውራጃዎች ብቻ እንዲታደን ተፈቀደ። ዛሬ በ88ቱም አውራጃዎች ይታደናል። እንዲያውም እየበዛ የገበሬውን በቆሎና አኩሪ አተር ይበላል፤ በመንገድም ከአውቶሞቢል ጋር እየተጋጨ በሰው ላይ አደጋ ያደርሳል። ስለዚህ አደኑ ጨርሶ ይቅር ማለት አይቻልም።

ነገር ግን ምድሩ በብዙ ስፍራ ሜዳ ነው፤ የሰዉም ቤት በየእርሻው መካከል ይገኛል። ሩቅ የሚሄድ ጥይት አጋዘኑን ቢስት ማን ላይ እንደሚያርፍ አይታወቅም። ስለዚህ ሕጉ ለብዙ ዘመን ሩቅ መቺውን ጠበንጃ ከልክሎ፣ ሾትጋንን፣ ባሩዱና እርሳሱ በአፈ ሙዙ የሚጠቀጠቀውን ጠበንጃ፣ ሽጉጥንና ቀስትን ብቻ ይፈቅድ ነበር።

በ2014 ዓ.ም. ደንቡ ተሻሽሎ፣ ቀለሁ ቀጥ ያለና አንገቱ ያልጠበበ ጥይት የሚተኩስ ጠበንጃ ተጨመረ። ይህ ጥይት እንደ ሌላው የጠበንጃ ጥይት እጅግ ሩቅ አይሄድም፤ ሆኖም ከሾትጋን እርሳስ ይልቅ ዒላማውን አጥርቶ ይመታል፣ የተኳሹንም ትከሻ አያጎሳቁልም። ቢሆንም ጠበንጃው ከሦስት ጥይት በላይ እንዳይጎርስ ተወሰነ፤ አዳኙም ከሩቅ እንዲታይ ብርቱካን መልክ ያለው ልብስ መልበስ ግዴታው ነው። የኢሊኖይ ግዛትም ከ2023 ዓ.ም. ጀምሮ ጠበንጃ ስትፈቅድ፣ አንድ ጥይት ብቻ የሚጎርሰውን መርጣለች።

እንግዲህ ሕጉ ላላ የሚል ሰው ቢኖር፣ የተለወጠው መሣሪያው እንጂ ምክንያቱ እንዳይደለ ያስተውል። ደንቡ በየጊዜው ይሻሻላልና፣ በዚያ አገር የሚኖሩ ወገኖቻችን ሊያድኑ ቢወዱ አስቀድመው የዓመቱን ደንብ ያንብቡ። ያመለጠ አጋዘን ነገ ይገኛል፤ ካፈ ሙዝ የወጣ ጥይት ግን አይመለስም።