የጥያቄው ባለቤት

ስለ አካል ጉዳተኞች የሚደረገው ምርምር በየዘመኑ እየበዛ ሲሄድ ፍሬው ግን ለተመረመሩት ሰዎች ሳይደርስ የሚቀረው ስለ ምን እንደ ሆነ ለማወቅ የሚሻ ሰው፥ በእንግሊዝ አገር በሃምፕሺር አውራጃ፥ ሌ ኮርት በተባለው የአካል ጉዳተኞች መኖሪያ ቤት የሆነውን ነገር ቢመለከት ምክንያቱን ከሥሩ ያገኘዋል።

ይህ ቤት እ.ኤ.አ. በ1948 የጦር አውሮፕላን አብራሪ በነበረው በሌናርድ ቼሻየር የተመሠረተ ሲሆን፥ ነዋሪዎቹ በ1960ዎቹ ዓመታት የመኝታ ሰዓታቸውን ራሳቸው ለመምረጥ፥ ፈቃድ ሳይለምኑ ከግቢ ለመውጣትና በአስተዳደሩ ቃላቸው እንዲሰማ ለማድረግ ሲታገሉ፥ እውነቱን መርምረው ይመሰክሩልናል በማለት ተመራማሪዎችን ራሳቸው ጠሩ። ከታቪስቶክ ኢንስቲቲዩት የመጡት ኤሪክ ሚለርና ጄራልዲን ግዊን ግን በ1972 ባሳተሙት መጽሐፍ፥ ወደዚህ ዓይነት ቤት የገባ ሰው በማኅበራዊ ኑሮ ዘንድ እንደ ሞተ ስለሚቆጠር፥ የቤቱ ተግባር ከዚያ ሞት እስከ ሥጋ ሞት ድረስ ማሻገር ነው የሚል ሐተታ አቀረቡ። በዚያ ቤት ለብዙ ዓመታት የኖረው ፖል ሀንት፥ ለማንም አናዳላም ያሉት ሊቃውንት ከነዋሪዎቹ ወገን አለመቆማቸውን፥ ከጥናቱም የተጠቀሙት ራሳቸው መሆናቸውን ገልጦ በብርቱ ነቀፋቸው፤ በዚያው በ1972ም በጋዜጣ ባወጣው ጥሪ አካል ጉዳተኞች ራሳቸው የሚመሩት ማኅበር እንዲቋቋም ምክንያት ሆነ።

የሀንትን ሐሳብ ካስፋፉት አንዱ፥ በተሽከርካሪ ወንበር ይሄድ የነበረው ማይክ ኦሊቨር ነው። የመንግሥት የስታቲስቲክስ ሠራተኞች አካል ጉዳተኛው ዕቃ መጨበጥና ክዳን መክፈት የሚያስቸግረው በየትኛው ሕመም ምክንያት እንደ ሆነ ሲጠይቁ፥ ኦሊቨር ጥያቄውን ገልብጦ፥ የጠርሙሱና የቆርቆሮው አሠራር ምን ጉድለት ቢኖረው ነው የሚያስቸግረው ብሎ መጠየቅ እንደሚገባ አሳየ። ፊተኛው ጥያቄ ጉድለቱን በሰውየው ሥጋ ላይ ሲያኖር፥ ኋለኛው በሠሪው እጅ ላይ ያኖረዋል፤ ጠያቂው ግን በሁለቱም ጊዜ ቅንና ትሑት ሊሆን ይችላል።

ነገሩ ለአገራችንም ባዕድ አይደለም። በ1999 ዓ.ም. የሕዝብና ቤት ቆጠራ አካል ጉዳተኞች ከመቶ 1 ገደማ ብቻ ሆነው ሲመዘገቡ፥ የዓለም ጤና ድርጅትና የዓለም ባንክ እ.ኤ.አ. በ2011 ባወጡት ዘገባ ከዓለም ሕዝብ ከመቶ 15 ያህሉ አካል ጉዳተኛ መሆኑን ገምተዋል። የዚህ ልዩነት አንዱ ምንጭ የአጠያየቁ ሥርዐት ነው፤ በቤትህ አካል ጉዳተኛ አለ ወይ የተባለ አባወራ ከሐፍረት የተነሣ ልጁን ሊሰውር ሲችል፥ ዋሽንግተን ግሩፕ የተባለው ጉባኤ ያዘጋጃቸው ስድስቱ ጥያቄዎች ግን ለማየት፥ ለመስማት፥ ለመራመድ፥ ለማስታወስ፥ ራስን ለመርዳትና ከሰው ጋር ለመግባባት ምን ያህል እንደሚያስቸግር ብቻ ይጠይቃሉ።

ኢትዮጵያ በአዋጅ ቁጥር 676/2002 ያጸደቀችው የአካል ጉዳተኞች መብቶች ስምምነት፥ መንግሥታት እነርሱን በሚመለከት ውሳኔ ሁሉ አካል ጉዳተኞችን በድርጅቶቻቸው አማካይነት እንዲያማክሩና እንዲያሳትፉ ያዝዛል። እንግዲህ ባለጉዳዩ ሳይሰማ የተሰጠ ፍርድ ርትዕ እንደማይባል ሁሉ፥ ዐይነ ስውሩ በብሬል ያላነበበው፥ መስማት የተሳነው በምልክት ቋንቋ ያልተጠየቀበት ጥናትም ምሉእ ሊባል አይገባውም። ለምርምር ገንዘብ የምትመድቡ ሹማምንትና የምትመረምሩ መምህራን ሆይ፥ መልሱን ከአካል ጉዳተኞች ከመሰብሰባችሁ በፊት ጥያቄውን አብራችኋቸው አርቅቁ፤ ለድካማቸውም እንደ ማንኛውም ባለሙያ ዋጋቸውን ክፈሉ።