ጆግል ስለሚባለው የእንግሊዝ ቃል ትርጓሜ

የመጻሕፍት ሊቃውንት አንዱን ቃል በብዙ ወገን ሲፈቱት «አንድም» እያሉ ያወርዱታል። በእንግሊዝ ቋንቋም እንደዚሁ ሊወርድ የሚገባው፤ ብዙ ጊዜ ግን የማይነገር ጆግል የሚባል ቃል አለ። ጆግል ማለት ጥቂት በጥቂቱ እየደጋገሙ መነቅነቅ ነው፤ አንድም ሁለት ድንጋይ ወይም ሁለት እንጨት እንዳይንሸራተት አንዱን ባንዱ ሰክቶ መግጠም ነው። የሚያናውጠውና የሚያጸናው ባንድ ስም መጠራቱ እንዴት ነው ቢሉ፤ ነገሩ እንዲህ ነው።

የመነቅነቁ ጆግል ከጆግ ወጥቷል፤ ይኸውም ገፋ፤ ነቀነቀ ማለት ነው። በመጨረሻ የገባችው «ል» የሥራውን መደጋገም ታመለክታለች። ይህ ለግእዝ ተማሪ እንግዳ አይሆንበትም፤ አድለቅለቀ ሲል የፊደሉ መመላለስ የነገሩን መመላለስ ያሳያልና። በአማርኛም ነቀነቀ ይላል።

ለመግጠሙ ግን ሌላ ጆግ አለ፤ እርሱም ከድንጋይ ፊት ወጣ ወይም ገባ ያለ ጥርስ ነው፤ የግንበኞች ጆግል ከዚህ ወጣ ይላሉ። እንዲህ ከሆነ ሁለቱ የተለያየ ሥር ያላቸው ናቸውና ከመነቅነቁ ምሥጢር ጐትቶ ለመግጠሙ መስጠት ከንቱ ድካም ነው። የእኛ ገጠመ ግን እውነተኛ አንድ ሥር ነው፤ ሳንቃም ከሳንቃ ይገጥማል፤ ጦርም ከጦር ይገጥማል።

ሁለቱ ትርጓሜ በሥራ የተገናኙበት ቦታ በእንግሊዝ አገር በፕሊመዝ አንጻር በባሕር ውስጥ ያለው የኤዲስቶን ዐለት ነው። መርከብ እንዳይሰበርበት ሄንሪ ዊንስታንሊ በ1698 ዓ.ም. በአውሮፓውያን አቈጣጠር የፋና ግንብ ሠራ፤ በ1703 ግን ታላቅ ማዕበል ተነሥቶ ሠሪውን ከነግንቡ ወሰደው። ከዚያ በኋላ የቆመው የእንጨት ሥራ ደግሞ በ1755 በእሳት ጠፋ። በሦስተኛው ጆን ስሚተን ከ1756 እስከ 1759 በድንጋይ ሠራው። ድንጋዩን በእርግብ ጅራት አምሳል እየጠረበ ጎንን ከጎን አያያዘ፤ የላይኛው ረድፍ ከታችኛው እንዳይንሸራተት ደግሞ ከሁለቱ መካከል የእምነ በረድ ጆግል አገባ፤ እኩሌታው በታችኛው፤ እኩሌታው በላይኛው ድንጋይ ውስጥ ይቀመጣል። በውሃ ውስጥ የሚጠነክር ኖራም መርምሮ አገኘ።

ቅዱስ ጳውሎስ ወደ ኤፌሶን ሰዎች በጻፈው በሁለተኛው ምዕራፍ ስለተጋጠመ ሕንጻ ሲናገር የሚያነብ ሰው፤ መጋጠም ሲል መደራረብ ብቻ እንዳልሆነ ከዚህ ሥራ ያስተውላል። የተደራረበ ድንጋይ በክብደቱ ይቆማል፤ የተጋጠመ ግን አንዱ ሲገፋ ሌላው ይይዘዋል።

ግንቡ ከመቶ ዓመት በላይ ቆመ። መጋጠሚያው አልላላም፤ ነገር ግን ባሕር ከበታቹ ያለውን ዐለት እየበላ አሳሳው፤ ማዕበል በመታው ጊዜም ሕንጻው ከነጆግሉ ወዲህና ወዲያ ይነቃነቅ ጀመር። ስለዚህ በ1882 በአጠገቡ በሌላ ዐለት ላይ አዲስ ግንብ ተሠራ። የስሚተን ሥራ የላይኛው ክፍል ድንጋይ በድንጋይ ተነቅሎ በፕሊመዝ በየብስ ላይ እንደገና ተገጠመ፤ የታችኛው ጉቶ ግን ዛሬም በባሕሩ መካከል አለ።