የአረጋውያን ጉዳይ፦ ከቢቸናና ከሞጣ እስከ ክልል ምክር ቤት

የአረጋውያን ጉዳይ በኢትዮጵያ በአንድ ምክር ቤት ተጀምሮ እዚያው የሚያልቅ አይደለም። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 41 መንግሥት አቅሙ በፈቀደ መጠን አረጋውያንን ለመርዳት ሀብት እንዲመድብ ያዛል። ሥራው ግን ተከፋፍሏል፤ ጡረታ የፌዴራል ነው፣ የመሬት አስተዳደር የክልል፣ የዕለት ተዕለቱ ድጋፍ ደግሞ ባመዛኙ የወረዳ። ስለዚህ ከእነማይ ወረዳዋ ቢቸና ወይም ከሁለት እጁ እነሴዋ ሞጣ የሚነሳ አቤቱታ ፍሬ የሚያፈራው ባለቤቱን ለይቶ ሲሄድ ነው።

ጡረታን ዛሬ የሚገዙት አዋጆች 1267/2014 እና 1268/2014 ናቸው፤ አንዱ ለመንግሥት፣ ሌላው ለግል ድርጅት ሠራተኞች። መደበኛው የመውጫ ዕድሜ 60 ነው። የሞጣ ጡረተኛ መምህር በዚህ ይጠቀማል፤ ጎረቤቱ ገበሬ፣ ሸማኔው ወይም ጠላ ሻጯ አይጠቀሙም። አበል ይጨመርልን የሚል ማመልከቻ ለባሕር ዳር ቢጻፍም መልስ አያገኝም፤ ውሳኔው አዲስ አበባ ነው።

የገበሬው ጡረታ መሬቱ ነው። ጉልበት ሲከዳው በሬውን ሸጦ ማሳውን ለእኩል አራሽ ይሰጣል ወይም ያከራያል፤ ለጧሪው በስጦታ ወይም በኑዛዜ የሚያስተላልፍም አለ። ማን ሊወርስ እንደሚችል፣ ኪራዩ እስከ ስንት ዓመት እንደሚዘልቅ፣ ስጦታው መቼ እንደሚጸና የሚወስነው የአማራ ክልል የገጠር መሬት አዋጅ ነው። አዋጅ 133/1998 በ252/2009 ሲተካ ያጸደቀው የክልሉ ምክር ቤት ነበር፤ ሕጎቹም በዝክረ ሕግ ጋዜጣ ይታተማሉ። ለገጠር አዛውንት ከዚህ አዋጅ የሚበልጥ ሕግ የለም ቢባል ማጋነን አይሆንም።

ረቂቅ ለምክር ቤቱ ሲቀርብ ለሚመለከተው ቋሚ ኮሚቴ ይመራል፤ ሐሳብ ለማስገባት የሚመቸው ያኔ ነው። ከጸደቀ በኋላ መጮህ ምን ያህል እንደሚያስከፍል እነዚህ ሁለት ከተሞች ያውቁታል። በ1960 ዓ.ም. የእርሻ ገቢ ግብር አዋጅ በፓርላማ አልፎ ጎጃም ሲደርስ ብርቱው ተቃውሞ የተነሳው በሞጣና በቢቸና አውራጃዎች ነበር። በአቤቱታ የተጀመረው ነገር ጠመንጃ እስከ ማንሳት ደረሰ፤ መንግሥትም ጦር አዘመተ። በመጨረሻ የጠቅላይ ግዛቱ ገዥ ደጃዝማች ፀሐዩ እንቁ ሥላሴ ከሥልጣን ተነሱ፣ ውዝፉ ግብርም ተሰረዘ።

አቤቱታ አቅራቢዎችን ብዙ የሚያመላልሰው ዞኑ ነው። በአማራ ክልል በዞን ደረጃ የተመረጠ ምክር ቤት ያላቸው የብሔረሰብ አስተዳደሮች ናቸው፤ ምሥራቅ ጎጃም ዞን የክልሉ መስተዳድር ክንፍ እንጂ ሕግ አውጪ የለውም። ራፖር ጸሐፊ ዘንድ ተጽፎ የዞኑ መቀመጫ ደብረ ማርቆስ የደረሰ ማመልከቻ አስተዳደራዊ መልስ ያገኝ ይሆናል፤ ሕግ ወይም በጀት ግን አያስለውጥም። ይህ የወረዳና የክልል ምክር ቤቶች ድርሻ ነው።

ከበጀት ነክ ጥያቄዎች ግልጹ የማኅበረሰብ አቀፍ የጤና መድህን ነው። መዋጮውን መክፈል ለማይችሉ ቤተሰቦች ወጪውን ክልሉና ወረዳው ይጋራሉ፤ የተጠቃሚው ብዛት ግን በተመደበው ገንዘብ ልክ ነው። ልየታው ቀበሌ ላይ ይጀመራል። ጧሪ የሌላቸው ባልቴት ከዝርዝሩ ከቀሩ ጤና ጣቢያ ቢደርሱም ለካርዱም ለመድኃኒቱም ከመቀነታቸው ይፈታሉ።

ይህን ሁሉ መከታተል የማኅበር ሥራ ነው። በአሜሪካ ኤኤአርፒ የተባለው በ1958 እ.ኤ.አ. የተመሠረተ ማኅበር በ50ዎቹም ግዛቶች ጽሕፈት ቤት ከፍቶ የየግዛቱን ሕግ አውጪዎች ይከታተላል። በኢትዮጵያም የአረጋውያንና ጡረተኞች ብሔራዊ ማኅበር አለ፤ የአቅሙ ነገር ግን አይወዳደርም። የጎጃም ሽማግሌ ደም ያደርቃል፣ ባልና ሚስት ያስታርቃል፣ ስለ ራሱ ጉዳይ ተደራጅቶ መቆሙ ግን ብዙም አልተለመደም። ከ2015 ወዲህ በክልሉ የቀጠለው ግጭት ደግሞ ከወረዳ ጽሕፈት ቤት መድረሱን ራሱ አክብዶታል።

የበጀት ዓመቱ ሐምሌ 1 ይጀምራል። የወረዳው ምክር ቤት በጀቱን ካጸደቀ በኋላ የሚመጣ የድጋፍ ጥያቄ አብዛኛውን ጊዜ የሚታየው በሚቀጥለው ዓመት ነውና ማመልከቻው ከሰኔ በፊት ቢገባ ይመረጣል።