ፕሮግራሙ በማን ተደግፎ ይሠራል? የጋራ ላይብረሪዎች ዳሰሳ

ከአዲስ አበባ ነጌሌ ቦረና 600 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ሞያሌ ከዚያም ይርቃል። ለእነዚህ የደቡብ ቆላማ ከተሞች ቢሮዎችና ትምህርት ቤቶች ሶፍትዌር በፍላሽ ይዞ የሚወርድ ባለሙያ ሳይነሳ ማወቅ ያለበት ነገር አለ፤ ፕሮግራሙ የትኞቹን ላይብረሪዎች ይፈልጋል? ኔትወርክ በደከመበት ቦታ የጎደለን ፋይል እዚያው ማውረድ ፈተና ነው።

ኮምፓይል የተደረገ ፕሮግራም ብዙውን ጊዜ ሁሉን በራሱ አይዝም። ምስጠራን ወይም ፊደል መሳልን የመሰሉ ሥራዎች ብዙ ፕሮግራሞች በሚጋሯቸው ላይብረሪዎች ውስጥ ይቀመጣሉ፤ በዊንዶውስ ዲኤልኤል፣ በሊኑክስ ኤስኦ ይባላሉ። ጥቅሙ ሜሞሪ መቆጠብ ብቻ አይደለም። እ.ኤ.አ. በኤፕሪል 2014 በምስጠራ ላይብረሪው በኦፕንኤስኤስኤል ሃርትብሊድ የተባለው ክፍተት ሲገኝ፣ ላይብረሪውን ያደሰ ሰው የሚጋሩትን ፕሮግራሞች አንድ በአንድ መተካት አላስፈለገውም፤ ዳግም ማስነሳት ነበር የሚጠበቅበት።

አንድ ፕሮግራም የሚፈልጋቸውን ላይብረሪዎች ለማየት በሊኑክስ የታወቀው መሣሪያ ኤልዲዲ ነው። በቀጥታ የሚፈለጉትን ብቻ ሳይሆን እነርሱም በተራቸው የሚፈልጓቸውን ይዘረዝራል። ይህ ተዘዋዋሪ ጥገኝነት በቸልታ አይታለፍም፤ እ.ኤ.አ. በማርች 2024 ፕሮግራመሩ አንድሬስ ፍሮይንድ ባጋለጠው፣ በኤክስዜድ የፋይል መጭመቂያ ውስጥ በተደበቀው ተንኮል፣ የተመረዘው ላይብረሪ ወደ ኤስኤስኤች አገልጋይ የገባው በሲስተምዲ ላይብረሪ በኩል ነበር። ኤልዲዲ አንዳንዴ ፕሮግራሙን ራሱን ሊያስነሳ ስለሚችል ግን ምንጩ ባልታወቀ ፋይል ላይ አይሞከርም፤ ለዚያ ሪድኤልፍና ኦብጅዳምፕ ይሻላሉ። በማክ ኦቱል አለ።

ብዙ ቢሮ የሚሠራው በዊንዶውስ ነው። ዲፔንደንሲ ዎከር ለረጅም ዘመን አገልግሏል፤ ዊንዶውስ 10 ላይ ግን ያልጎደለውን ጎደለ ስለሚል አዲሱን ዲፔንደንሲስ እመርጣለሁ። «ቪሲራንታይም140 ዲኤልኤል የለም» የሚል መልእክት ሲመጣ ነጠላውን ፋይል ከማይታወቅ ድረ ገጽ ማውረድ አደገኛ ልማድ ነው። የማይክሮሶፍትን የቪዥዋል ሲ ፕላስ ፕላስ ጥቅል፣ የ32ቱንም የ64ቱንም ቢት፣ በፍላሹ ይዞ መሄድ ይገባል።

ዝርዝሩ የማይናገረውም አለ። አንዳንድ ላይብረሪ የሚጠራው ፕሮግራሙ ከተነሳ በኋላ ነው። በሊኑክስ በአይባስና በኤም17ኤን የጽሑፍ ማስገቢያዎች አማርኛ ስንጽፍም፣ ላይብረሪው በቦታው እያለ አማርኛን በላቲን ቁልፎች የሚያስጽፈው የሴራ (SERA) ሰንጠረዥ ያለበት የዳታ ጥቅል ከጎደለ ፊደሉ አይመጣም፤ ኤልዲዲ ይህን አያሳይም። በአዲስ ሊኑክስ ላይ የተሠራ ፕሮግራምም የሊኑክስ መሠረታዊ ላይብረሪ የሆነው ጂሊብሲ አሮጌ በሆነበት ኮምፒውተር ላይነሳ ይችላል።

ስለዚህ ወደ ነጌሌ፣ ያቤሎ ወይም ሞያሌ የምትወርዱ ባለሙያዎች፣ ፕሮግራሙን በመድረሻችሁ ካለው ጋር በሚመሳሰል፣ ከኢንተርኔት በተነጠለና ተጨማሪ ነገር ባልተጫነበት ኮምፒውተር ላይ ሳትነሱ ሞክሩት።