ከሕፃን ማንቁርት በታች

ሃሎቴን የተባለው የሰመመን መድኃኒት ከዓለም ገበያ እየጠፋ መምጣቱን የነገረኝ፣ በአንድ የመንግሥት ሆስፒታል ሰመመን በመስጠት የሚያገለግል ወዳጄ ነው፤ የነገረኝም ከሌሊት ተረኝነት ወጥቶ፣ አዲስ አበባ፣ ባምቢስ ሱፐርማርኬት አጠገብ ባለች ጠባብ ቡና ቤት ተቀምጠን፣ ፈርሶ እንደ አዲስ ከሚሠራው ከካዛንቺስ ሰፈር የሚመጣውን አቧራ ከማኪያቷችን ላይ በእጃችን እየከለከልን ሳለን ነበር። «ለአዋቂውስ ግድ የለም ጋሼ፤ የጨነቀን ለሕፃኑ ነው» አለኝ።

ሃሎቴን በ1956 (ዘመኑን ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር እጽፋለሁ) ወደ ሕክምና ከገባ ወዲህ፣ ሽታው ጣፋጭ፣ ጉሮሮንም የማይኮሰኩስ በመሆኑ፣ መርፌ ባየ ጊዜ የሚያለቅሰውን ሕፃን በጭንብል ብቻ ሳያስለው ያስተኛው ነበር፤ ባለጸጎቹ አገሮች ልብን ስለሚያውክና ጉበትን ስለሚጎዳ በሴቮፍሉሬን ሲተኩት፣ በእኛና በመሰሎቻችን ዘንድ ግን ርካሽነቱ አቆይቶት ኖሯል። አሁን በቀላሉ የሚገኘው ምትክ አይሶፍሉሬን ነው፤ እርሱም የሚቆጠቁጥ ስለ ሆነ ሕፃን በጭንብል ሲስበው ያስለዋል፣ ትንፋሹን ያስይዘዋል፣ አንዳንዴም ማንቁርቱን አኮማትሮ መንገዱን ይዘጋበታል። ሴቮፍሉሬን ለስላሳ ቢሆንም ዋጋው ውድ ነው፤ ደግሞም እያንዳንዱ መድኃኒት የራሱን ማትነኛ፣ ቬፖራይዘር የሚሉትን፣ ስለሚሻ ጠርሙሱን መግዛት ብቻ አይበቃም። እንዲህ ሆኖ በሩቅ አገር ፋብሪካ የተሠራ የትርፍና የኪሳራ ሒሳብ፣ አዲስ አበባ ላይ በቀዶ ሕክምና ጠረጴዛ እስከ ተኛ ሕፃን ጉሮሮ ድረስ ይዘልቃል።

የሕፃንም ጉሮሮ የአዋቂው ታናሽ ምስል አይደለም። ምላሱ ለአፉ ትልቅ ነው፤ ራሱ ከኋላ ስለሚተልቅ በጀርባው ሲያስተኙት አንገቱ ይታጠፍና መተንፈሻው ይጠባል፤ ስለዚህ ለአዋቂው ትራስ ከራሱ በታች ሲደረግ፣ ለእርሱ የተጠቀለለ ጨርቅ ከትከሻው በታች ይደረግለታል። 4 ሚሊ ሜትር ስፋት ያለው ቧንቧ ዙሪያውን 1 ሚሊ ሜትር ቢያብጥ ከቀዳዳው የሚቀረው ሩቡ ብቻ ነው። ኦክስጅንንም በክብደቱ ልክ ከአዋቂው እጥፍ ያህል ስለሚፈጅ፣ እስትንፋሱ ሲቋረጥ ፈጥኖ ይጠቁራል። አፕሪኮት የተባለው፣ በ2017 የታተመው ጥናት፣ በ261 የአውሮፓ ሆስፒታሎች ለሕፃናት ከተሰጠው ከ31,000 በላይ ሰመመን ውስጥ ከመቶ በ5.2ቱ ላይ ከባድ አደጋ እንደ ደረሰ፣ የሚበዛውም፣ ይኸውም 3.1ዱ፣ የመተንፈስ ችግር እንደ ነበረ ገልጧል፤ ያውም ዕቃና ሰው በማይጎድልበት አገር።

እኔን ግን ከዚህ ሁሉ ይልቅ የሚገርመኝ፣ ሰመመን ሲሰጥ ሕፃኑ እንዲተነፍስበት በማንቁርቱ በኩል ወደ መተንፈሻ ቧንቧው ስለሚገባው ቱቦ የተነሣው ክርክር ነው። ለግማሽ ምዕት ዓመት ያህል በየሕክምና ትምህርት ቤቱ እንደ ቀኖና ሲነገር የኖረው፣ ከ8 ዓመት በታች ላለ ሕፃን፣ ከጫፉ ከፍ ብሎ የሚነፋ ፊኛ፣ ካፍ የሚሉት፣ ያለበት ቱቦ አይገባም የሚል ነበር፤ የሕፃን ማንቁርት ወደ ታች እየጠበበ ሄዶ ክሪኮይድ በተባለው ቀለበት ላይ እጅግ ስለሚጠብ ቱቦው በዚያ ራሱን ችሎ ይገጥማል፣ ፊኛ ቢጨመርበት ግን ሥጋውን ያቆስላል ይሉ ነበርና። የዚህ ትምህርት ምንጭ ሲመረመር፣ ጄምስ ኤከንሆፍ የተባለው ሐኪም በ1951 ያሳተመው ጽሑፍ ይገኛል፤ የእርሱም ማስረጃ ባዩ የተባለ ፈረንሳዊ በ1897 ከሞቱ ሕፃናት ጉሮሮ በጄሶ ያወጣው ቅርጽ ነበር። ኤከንሆፍ ራሱ የሙታን ልክ ለሕያዋን ላይስማማ እንደሚችል አስጠንቅቆ ሳለ፣ ደቀ መዛሙርቱ ቃሉን ተቀብለው ማስጠንቀቂያውን ጣሉት፤ (እንዲህ ያለው ነገር በእኛ ጉባኤ ቤት ብቻ የሚደርስ ይመስለኝ ነበር)። በ2003 ሊትማንና ባልደረቦቹ ተኝተው የሚተነፍሱ ሕፃናትን በኤምአርአይ ቢመለከቱ፣ ጠባቡ ስፍራ ከድምፅ አውታሮቹ ዘንድ ሆኖ ተገኘ። በ2009 ደግሞ የቫይስ ቡድን 2,246 ሕፃናትን ከሁለት ከፍሎ ሲያነጻጽር፣ ቱቦው ከወጣ በኋላ የሚያፏጭ አተነፋፈስ በባለፊኛው 4.4፣ ፊኛ በሌለው 4.7 ከመቶ ሆነ፤ ልኩ አልገጥም ብሎ ቱቦ መለወጥ ግን በባለፊኛው 2.1፣ በሌላው 30.8 ከመቶ ነበር፤ እያንዳንዱም ለውጥ ማንቁርትን ዳግመኛ መነካካት ነው። ሆኖም ፊኛውን ያለ ግፊት መለኪያ፣ በግምት የሚነፋ እጅ የቀደሙትን ሰዎች ፍርሃት እውነት ያደርገዋልና፣ በአሮጌው ትምህርት የጸኑትን መምህራን በድንቁርና አልከስም።

የቀረውን በአጭሩ ልለፈው። ፊሊፕ ኤይር በ1937 ያወጣው፣ ጋዙን ወደ ሕፃኑ የሚያደርሰው መዝጊያ አልባ ቱቦ፣ ጃክሰን ሪስ ከረጢት ጨምሮበት፣ ዛሬም በየክፍሉ ይሠራበታል፤ አርቺ ብሬይን በ1981 የፈለሰፈው ከማንቁርት በላይ የሚቀመጥ ጭንብል ብዙውን ሕፃን ከቱቦ አድኖታል፤ ኬታሚን የተባለው የሰመመን መድኃኒት እስትንፋስን ባይነሣም ምራቅን ያበዛል። ጣት ላይ ተሰክቶ የደምን ኦክስጅን የሚለካውን ኦክሲሜትር፣ ከ2011 ወዲህ ላይፍቦክስ የተባለው ድርጅት ለአገራችንም ሆስፒታሎች ያደለውን፣ አመሰግነዋለሁ፤ ነገር ግን ቱቦው በስሕተት ወደ ምግብ ቧንቧ ቢገባ እርሱ የሚናገረው ዘግይቶ ሲሆን፣ ወዲያው የሚያጋልጠው በሚወጣው ትንፋሽ ያለውን ካርቦን ዳይኦክሳይድ የሚለካው ካፕኖግራፍ ነው።

ወዳጄ ከቦርሳው ዘመኑ ያለፈበት፣ ለተማሪዎች ማሳያ የሚይዘውን ቱቦ አወጣ። ቁጥሩ 4.5 ነበር፤ የአራት ዓመት ልጅ ዕድሜ ለ4 ተከፍሎ 3.5 ሲደመርበት የሚገኘው። በሲሪንጅ ትንሽ አየር ቢሰጠው ፊኛው እንደ ሽንብራ ፍሬ አበጠ፤ በአውራ ጣቱና በሌባ ጣቱ ጨበጥ አድርጎ «እዚህ ላይ ይበቃል» አለ። ጠዋት ልጁ ከመግባቱ በፊት አስቀድሞ የሚያየው ምን እንደ ሆነ ብጠይቀው፣ ካፕኖግራፉን ይለኛል ብዬ ስጠብቅ፣ «ሳክሽኑን፣ መምጠጫውን ነዋ ጋሼ» አለኝ፤ «አብርቼ ድምፁን እሰማና ጫፉን ከፍራሹ ሥር በቀኜ በኩል እሸጉጠዋለሁ፤ ልጁ ቢያስመልስ ዐይኔን ከፊቱ ሳልነቅል እጄ እንዲያገኘው።»